ወራጅ የበዛበት ድንኳን

በመርካቶ ሰው ሲሞት ከሟቹ ቀጥሎ የምሰማው እኔ ነኝ። ለጉራ አይደለም፤ እሺ፣ ለጉራ ነው። አውቶቡስ ተራ ለሚያስነጥስ ሰው መሳለሚያ ቆሜ «ይማርህ» እላለሁ። የምሸጠው ሳፋና ጃንጥላ ነው፤ ሰው ግን ወደ ሱቄ የሚመጣው ማን እንደታመመ፣ ማን እንደተጣላ፣ የማን ልጅ አረብ አገር እንደገባች ሊሰማ ነው። የራሱን ፍቺ ከኔ አፍ የሰማ ደንበኛ አለኝ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ጆሮ የታደልኩ ሰው፣ የጋሼ ዘርጋውን ሞት የሰማሁት አርባቸው ሊወጣ ሲል ነው።

ዝናብ ነበር። እትዬ ሙሉ ሻይ ቤት ገብቼ ጃንጥላዬን እያራገፍኩ፣ «እትዬ ሙሉ፣ የዛሬውን ሻይ ከጣሪያው ነው እንዴ የቀዱት? ቀጥኗል» አልኩ። እንደ ወትሯቸው በፎጣ አልገረፉኝም። ፔርሙዙን አስቀመጡና ትኩር ብለው አዩኝ።

«አንተን ቀብር ላይ አጣሁህ።»

«የማን ቀብር?»

«የማን ይሆናል! የዘርጋው ነዋ።»

ሳቅሁ። እትዬ ሙሉ በስተርጅና ቀልድ ጀመሩ ብዬ፣ «ጎበዝ፣ ጥሩ ነው፤ ፊትዎን ብቻ ትንሽ ያስተካክሉት» አልኳቸው። አልሳቁም። አገጫቸውን ወደ ጣሪያው ቀና አደረጉ፤ ከቴሌቪዥኑ በላይ ወዳለችው የቆርቆሮ ጥጋኝ። ያኔ ገባኝ። ስለ ጥጋኟ እደርስበታለሁ።

ጋሼ ዘርጋው የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ነበሩ። እንጀራቸው ምን አለሽ ተራ ነው፤ ያረጀ በርሜልና የዘይት ቆርቆሮ እየቀጠቀጡ ማንደጃ ይሠራሉ። ዕድሜ ልካቸውን መዶሻ ሲያዳምጡ የኖሩ ስለሆኑ ጆሯቸው ደንዝዟል፣ ስለዚህ «እንደምን አደርክ» ሲሉህ እንኳ የሰፈር ሰው ምን አጠፋ ብሎ ይወጣል። ቁመታቸው አጭር ነው። ጡሩምባውን ሲያነሱ፣ ሰውየው ጡሩምባውን ሳይሆን ጡሩምባው ሰውየውን የያዘ ይመስላል። ራሳቸው ናቸው የሠሩት፣ ከዘይት ቆርቆሮ። የዘይቱ ማስታወቂያ የሱፍ አበባ ሥዕል ነበረበትና አበባው በጡሩምባው አፍ ዙሪያ ቢጫ ሆኖ ቀርቷል። ሞታችንን ሁሉ የሰማነው ከዚያ አበባ ነው።

እድራችን የሁሉም ነው። የጎጃሙም የጉራጌውም፣ የቤተ ክርስቲያኑም የመስጊዱም ሰው አለበት። ሁለት ድስት አንድ ድንኳን እንላለን፤ ሥጋው ይለያል፣ እንባው አይለይም ለማለት። ሲባል ደስ ይላል። እኔም በየሠርጉ እየተነሳሁ ብዬዋለሁ፣ ተጨብጭቦልኛልም።

ጋሼ ዘርጋው ግን አንዲት ሌላ አባባል ነበረቻቸው። «መጀመሪያ አልቅስ፣ ከዚያ ጠይቅ።» ባደጉበት አገር ከጎረቤት እሪታ ሲሰማ ሰው የያዘውን ጥሎ ይሮጣል፤ ማን እንደሞተ የሚጠይቀው እየሮጠ ነው። «እሪታ ሰምቶ ‹የማን ቤት ነው?› ብሎ ቁጭ የሚል ሰው» ይሉ ነበር፣ «ጎረቤት አይደለም፤ መርማሪ ነው።»

ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ የሞቱ ጊዜ ጥሪውን ማን ይጥራ የሚል ነገር መጣ። ከሳቸው በቀር የሚነፋ ሰው የለማ። ጋሼ ዘርጋው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አጣፉ፣ ጡሩምባውን አነሱ፣ እንደ ወትሯቸው በየቅያሱ አፍ ቆመው ነፉ። «የዚህ እድር አባላት! ወይዘሮ አስካለ አርፋለች! ቀብሯ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነው!» ድምፃቸው አልተሰበረም። ለሌላው ሰው ሚስት የሚጠሩትን ያህል ጠሩ፤ አልጨመሩም፣ አልቀነሱም። ቤት ተመልሰው ጡሩምባውን ሲያስቀምጡ ነው ያለቀሱት።

ከዚያ ለቅሶ በኋላ አንድ ቀን መደብራቸው አጠገብ ቁጭ ብዬ ሳለ፣ «እኔ ስሞትስ ማን ይነፋልኛል?» አሉኝ።

«ምን ይላሉ ጋሼ! እኔ እያለሁ? እስከ ጎጃም በር ነው የማሰማልዎት!»

«እስቲ ሞክረው።»

ጡሩምባውን ተቀብዬ በሙሉ ሳምባዬ ነፋሁ። የወጣው ድምፅ የጎማ መተንፈስ ነበር። ጋሼ ዘርጋው ዕቃውን ከእጄ ወስደው በእጅጌያቸው ጠረጉትና፣ «ይህ ሟቹን ያባርረው እንደሆን እንጂ ለቀስተኛ አይጠራም» አሉ። ቢሆንም ቃል ገባሁ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ እነፋልዎታለሁ አልኩ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር እመጣለሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ እትዬ ሙሉ ቤት ተሰብስበን ኳስ ልናይ ነው። ኳሱ ከመጀመሩ በፊት ሰበር ዜና ተባለ። ሩቅ አገር፣ ገበያ መሀል፣ ሰው ታጥቆ የመጣው ፈንጂ ፈንድቷል። ካሜራው መሬት መሬቱን ያሳያል፦ የተበተነ ቲማቲም፣ አንድ እግር ጫማ፣ የተገለበጠ ጋሪ፣ አንድ ሰማያዊ ሳፋ። ሳፋው ከኔ ሱቅ የወጣ ነው የሚመስለው፤ ጠርዙ ላይ ያለችው ነጭ መስመር ሳትቀር።

«የት ነው?» አለ አንዱ።

አገሩ ተነገረው።

«እዚያማ ሁሌ ነው!»

እዚያማ ሁሌ ነው። ሰው በሞተ ቁጥር ሞቱ እየረከሰ ይሄዳል ማለት ነው፤ እንደ ቲማቲም፣ ሲበዛ ዋጋው ይወርዳል።

«እስላም ናቸው ክርስቲያን?» አለ ሌላው።

«የኛ ሰው አለበት?»

«ያለ አይመስለኝም።»

«እንግዲያው ይቀይሩት እትዬ፣ ኳሱ ጀምሯል።»

ሽፈራው የሚባል የሱቅ ደላላ አለ፤ ጓደኛዬ ነው፣ አሁንም ጓደኛዬ ነው፣ ምን ላድርገው። ሽፈራው ስኒውን አስቀመጠና፣ «ይሄኔ ስንት ሱቅ ተለቋል! የቁልፍ ገንዘቡን ስንት ይሉት ይሆን?» አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ጋሼ ዘርጋው ጥጉ ጋ ነበሩ። «ያ ሳፋ የማን ነው?» አሉ በዚያ መዶሻ ድምፃቸው። ሳቁ ቆመ።

«የቱ ሳፋ ጋሼ?»

«ሰማያዊው። አንዲት ሴት ይዛው የወጣች ናት። ሳፋ ይዛ ወጥታ ያለ ሳፋ ቤቷ የምትገባ ሴት አይቼ አላውቅም።»

ሻያቸውን ሳይጨርሱ ወጡ። ሽፈራው «ሽማግሌው ዛሬ ምን ነካቸው?» አለ። ኳሱ ገባ፣ እኛም ረሳናቸው።

በማግስቱ ማለዳ ጡሩምባው ተነፋ።

ከዚህ ላይ ስለ ሰፈራችን አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። እኛ ጡሩምባውን እንሰማለን እንጂ ቃሉን አንሰማም። ቃሉን በኋላ ከጎረቤት ነው የምንጠይቀው። ጡሩምባ ሲነፋ እጅ በልማድ ነጠላ ያዘቀዝቃል፣ ድንኳን ተካዮች ወደ መጋዘን ይሄዳሉ፣ ሴቶች ንፍሮ ይጥዳሉ። ስለዚህ ያን ዕለት ጋሼ ዘርጋው የጠሩትን ቃል ልብ ብሎ የሰማ ሰው አልነበረም። እኔ እንኳ አንሶላ ውስጥ ሆኜ ግማሹን ነው የያዝኩት፤ ሙሉውን በኋላ ነገሩኝ። እንዲህ ነበር ያሉት፦

«የዚህ እድር አባላት! ገበያ የወጡ ሰዎች ከገበያ ሳይመለሱ ቀርተዋል! ስማቸውን አላወቅሁም! ብዙ ናቸው! ቀብራቸው ሩቅ ነው፣ አንደርስም! ለቅሶው ግን እዚህ ነው!»

ድንኳን ተካዮቹ እንጨቱንና ሸራውን ከመጋዘን አውጥተው፣ ተሸክመው፣ ላብ በላብ ሆነው «የማን ቤት ነው ጋሼ?» አሏቸው።

«ቤታቸው ሩቅ ነው።»

«የት? ኮልፌ?»

«ከኮልፌ ይርቃል።»

ነገሩ ሲገባቸው ሸራውን መልሰው ሊጠቀልሉት ነበር። የእድሩ ሽማግሌዎች ግን እሪ አሉ። በኛ ሰፈር የወጣ ድንኳን ሳይተከል አይመለስም። ከተመለሰ ለራሱ ባለቤት ፍለጋ ከመካከላችን ያስሳል ይባላል። ማን ይደፍራል? እያንዳንዱ የራሱን አንገት ዳበሰና «ይተከል! ይተከል!» አለ። መጋዘኑ ፊት ያለችው ባዶ ቦታ ላይ ተተከለ። የሩቅ ገበያ ሙታን በኛ ፍርሃት ምክንያት ድንኳን አገኙ።

ድንኳን ካለ ሰው ይገባል። ገባ። ከተማውን ለቆ የሚሄድ መንገደኛ ሻንጣውን በር ላይ አቁሞ ገባ። ወዛደሩ ሸክሙን አውርዶ፣ ላቡን ጠርጎ ገባ። እትዬ ሙሉ ናቸው ሙሾውን ያነሱት፤ ትናንት ቴሌቪዥኑን አይተዋልና። «ሳፋሽን ይዘሽ የወጣሽ እህቴ፣ ጎመኑን ማን ይጠብልሽ...» ሲሉ ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ማን እንደሆነች የጠየቀ የለም። ሳፋ ይዛ የወጣች ሴት በቃች። እኔም አለቀስኩ። ያን ዕለት ያፈሰስኩት እንባ ከሱቄ ያለውን ሳፋ ሁሉ ሞልቶ ለጎረቤት ይተርፍ ነበር።

ሐጂ ኑሪ መጡ። የእድሩ ገንዘብ ያዥ ናቸው፣ ቀስ ብለው የሚሄዱ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ። «የሞተው ማን ነው፣ ዘርጋው?» አሉ።

«ገበያ የወጡ ሰዎች ናቸው ሐጂ።»

«የት?»

«ገበያ።»

ሐጂ ኑሪ ትንሽ አሰቡ። ከዚያ «አላህ ይዘንላቸው» ብለው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። በቃ። ይህን ያህል ቀላል ነበር።

ያበላሸው ሽፈራው ነው፣ ወይም የሽፈራው ስልክ። ሲነካካ ቆየና፣ «ኧረ እነዚህ ሰዎች እኮ...» ብሎ የሟቾቹን ሃይማኖት ጮክ ብሎ አነበበ።

ምን እንደነበሩ አልነግራችሁም። አሁን ልትጠይቁኝ እንደነበር አውቃለሁ። አልነግራችሁም!

ከዚያ አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ ተነሳ። «ሱቅ ክፍት ትቼ ነው የመጣሁት» አለ። ሌላው ተነሳ። የመስጊዱም ሰው ተነሳ፣ የቤተ ክርስቲያኑም ሰው ተነሳ፤ አንደኛው የኔ አይደሉም ብሎ፣ ሌላው የኔ ስለሆኑ ያኛው ወገን ይታዘበኛል ብሎ። እንደ ሚኒባስ፣ በየደቂቃው «ወራጅ አለ!» ሆነ። ያ ሞልቶ የነበረ ድንኳን መሳለሚያ እንደደረሰ ታክሲ ባዶ ቀረ።

ጋሼ ዘርጋው በሩ ላይ ቆሙ። የሚወጣውን ሰው አንድ በአንድ ፊቱን ያዩታል። አንዱን ክንዱን ያዙት።

«ስትገባ አልቅሰህ ነበር። አይቼሃለሁ። ያ እንባ የማን ነበር?»

«ጋሼ ይተዉኝ። የኛዎቹ ሲታረዱ እነሱ ድንኳን ተክለዋል?»

«አላውቅም። አንተስ ለነዚያ ተክለህ ነበር?»

ሰውየው ክንዱን አስለቅቆ ወጣ።

የቀረነው ሴቶቹ፣ ሐጂ ኑሪ፣ ወዛደሩ፣ ከየት ወዴት እንደሚሄድ የማላውቀው መንገደኛና እኔ ነበርን። እኔ ለምን ቀረህ ብትሉኝ ንፍሮው እየመጣ ነበር። ሰው ቁምነገረኛ እንዳይለኝ ነው ይህን የምነግራችሁ።

የእሁዱ የእድር ስብሰባ ስለዚህ ብቻ ሆነ። ጋሼ ዘርጋው መሀል ላይ ቆመዋል፣ ጡሩምባው በብብታቸው ሥር። የእድሩ ዳኛ መነጽራቸውን አድርገው ጀመሩ።

«የሟች ስም?»

«አላወቅሁም።»

«የዚህ እድር አባል ነበሩ?»

«አልነበሩም።»

«የአባል ቤተሰብ?»

«አይደሉም።»

«ታዲያ በማን ፈቃድ ነፋህ?»

«ለሞተ ሰው ፈቃድ ጠይቄ ነፍቼ አላውቅም።»

ጉምጉምታ ተነሳ። አንዱ ጋሼ ዘርጋው ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል አለ። ሌላው አንድ ወገን ገፋፍቷቸው ነው አለ። ባለፈው ዓመት ሌላ አገር በበዓል ቀን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰዎች ሲገደሉ ጡሩምባው የት ነበር የሚል ተነሳ። ወዲያው ከወዲያኛው ጥግ፣ ለጸሎት በተንበረከኩበት መስጊድ ውስጥ ለተገደሉትስ ማን ነፋ የሚል መለሰ። ሙታኑን እንደ ካርታ እየመዘዙ በላያችን ላይ ይጥሏቸው ጀመር፤ የኔ ይበልጣል፣ የኔ ይበልጣል።

እኔ እንደልማዴ ልቀልድ ተነሳሁ። «ክቡር ዳኛ፣ ሟች ካልነበረ እንግዲያው እንባችን ይመለስልን» አልኩ። ጥቂት ሰዎች ሳቁ፣ ዳኛውም ሊስቁ ነበር። እዚያው ላይ ነው ጋሼ ዘርጋው የፈነዱት። እንዲያ ሲናደዱ አይቼ አላውቅም። የአንገታቸው ሥር ተገታተረ።

«ለዚያም ለዚያም ልነፋ ነበር!» አሉ። «ፈርቼ ነው የተውኩት! እናንተን ፈርቼ! አሁን የምትሏትን እንዳትሉ ብዬ! ሬሳ እንደ ሽንኩርት ትመርጣላችሁ! እያገላበጣችሁ፣ እየዳበሳችሁ፣ ይሄ ይሁንልኝ፣ ያ በስብሷል እያላችሁ! ገበያተኛ ናችሁ እሺ፤ ገበያተኛ ሌላ ገበያተኛ ሲገደል እንዴት አያመውም? ነገ እዚህ፣ ሸማ ተራ መሀል ቢፈነዳ፣ እዚያ ሻይ ቤት የተቀመጠው ሰው ‹እዚያማ ሁሌ ነው፣ ወደ ኳሱ ቀይሩት› ሲል አይታያችሁም?»

ሐጂ ኑሪ ብቻ ተነስተው፣ «ዘርጋው ያጠፋው ነገር አይታየኝም» አሉና ተቀመጡ። ድምፅ ተሰጠ። እጅ ወጣ። ጋሼ ዘርጋው ተሸነፉ፤ ከእንግዲህ ጡሩምባውን ለእድሩ እንዲያስረክቡ ተወሰነ።

«ቆርቆሮው የኔ ነው፣ አልሰጥም» አሉ። «የናንተ ጥሪው ነው። ጥሪውን ውሰዱ።»

በማግስቱ ምን አለሽ ተራ ሄድኩ። ያ ሁሉ መዶሻ በሚጮህበት መሀል ተቀምጠው ጡሩምባውን ዘርግተው ይቀጠቅጡታል፣ ጠፍጣፋ እስኪሆን። ልከለክላቸው ስል በመዶሻቸው ገለል አደረጉኝ።

ሰፈሩ ምክንያት ፍለጋ ላይ ነበር። ውጭ አገር በፍንዳታ የሞተ ልጅ አላቸው የሚል ነበር፣ በወጣትነታቸው ወታደር ሳሉ ያዩት ነገር አለ የሚልም ነበር። እኔም ወሬኛ ነኝና ጠየቅኋቸው። «ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፣ የሞተብዎት ሰው አለ እንዴ እዚያ?»

መዶሻውን አስቀመጡ። «ይሄ ሁሉ ሰው ሞቶ ሌላ ሰው ካልሞተብኝ ማልቀስ አልችልም?» አሉኝ።

መልስ አጥቼ የማውቀው ያን ጊዜና ሠርጌ ዕለት ብቻ ነው።

ያን ዕለት ከሰዓት ጠፍጣፋውን ቆርቆሮ ይዘው እትዬ ሙሉ ጣሪያ ላይ ወጡ። ከቴሌቪዥኑ በላይ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚያንጠባጥብ ቀዳዳ ነበር፤ በሱ ደፈኑት። የአበባው ፊት ወደ ውስጥ ነው የዞረው። ዛሬም ቀና ብትሉ የተጨማደደ ቢጫ የሱፍ አበባ ከላይ ሆኖ ዜና ሲያይ ታገኙታላችሁ። ዝናብ ሲመታው ከሌላው ቆርቆሮ የተለየ ድምፅ አለው። ይቺ ማጋነን አይደለችም፣ እትዬ ሙሉን ጠይቁ።

በጡሩምባው ፈንታ እድሩ የስልክ ግሩፕ ከፈተ። ሲጀመር ለሞት ማሳወቂያ ብቻ ነው ተብሎ ነበር። ሳምንት አልቆየም። ከዓለም ዳር አንድ ቦታ ሰው በታረደ ቁጥር ስልካችን ውስጥ ሺህ ዳኛ ይበቅላል። አንዱ ቪዲዮውን ይለጥፋል፣ ደሙን ሳይሸፍን፣ ልጆች ያዩታል ሳይል። አንዱ «የእጃቸውን አገኙ» ይላል። አንዱ «ውሸት ነው፣ ድራማ ነው» ይላል። አንዱ ጥቅስ ይጠቅሳል፣ ሌላው በጥቅስ ይመልስለታል። ትልልቅ ሕንጻ ያለው ከተማ ሲመታ ሽፈራው ፎቶው ላይ የዚያን አገር ባንዲራ ይደርባል። ድሃ አገር ሲመታ ባንዲራውን አያውቀውማ! አንድ ጊዜ ተሳስቶ የገዳዮቹን አገር ባንዲራ ለጥፎ ሦስት ቀን ዋለበት፤ ለሟቾቹ ግድ ያለው ሰው ስላልነበረ ማንም አላረመውም።

ጋሼ ዘርጋው እንዲህ ያለ ስልክ አልነበራቸውም። ሱቄ ሲመጡ፣ «ዛሬስ ምን አሉ?» ይሉኛል።

«ዛሬ ባንዲራ ለጥፈዋል።»

«ባንዲራ ያለቅሳል?»

«የሻማ ሥዕልም አለ።»

«ይበራል?»

«አይበራም ጋሼ።»

«እንግዲያው ተወው» ይሉና ይሄዳሉ።

ከዚያ ቤታቸው ለልማት ፈረሰ። ከከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው፣ አራተኛ ፎቅ። መዶሻ እዚያ አይመታም፣ ጎረቤት ይከሳል። አንድ ጊዜ ሄጄ ጠይቄያቸዋለሁ። ሁለተኛ ጊዜ ልሄድ ነበር። ሰው ሁሉ ሁለተኛ ጊዜ ሊሄድ ነበር።

እትዬ ሙሉ የነገሩኝ ዕለት ሻዩን ሳልቀምሰው ተነስቼ ስልኬን ከፈትኩ። ተቆጥቼ ነበር። ይሄ የማይረባ እድር! ዕድሜ ልኩን የሁላችንን ሞት ሲጠራ የኖረ ሰው ሲሞት የሚጠራለት ይጣ? ፀሐፊውን ደውዬ ልሰድበው ነበር፤ ስድቡን እንኳ አዘጋጅቻለሁ፣ አባቱ ጋ ደርሼ ነበር። ብቻ መጀመሪያ ላረጋግጥ ብዬ ግሩፑን ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ መለስኩት፣ እትዬ ሙሉ ወደ ነገሩኝ የቀብሩ ቀን።

ያ ቀን ትዝ አለኝ። ሌላ ከተማ ሌላ ጥቃት የደረሰበት ዕለት ነው። ከማለዳ ጀምሮ ጠብ ነበር፣ የኛ ናቸው፣ የናንተ ናቸው። ከተጣሉት መሀል ዋናው እኔ ነኝ። ሱቅ ውስጥ ሳፋ ላይ ተቀምጬ፣ ደንበኛ እየመለስኩ፣ እንደ ጋዜጣ ረጃጅም ጽሑፍ ጽፌያለሁ። ጽሑፌ ጥሩ ነበር፣ አሁንም ሳነበው ጥሩ ነው። «ሬሳ እንደ ሽንኩርት አትምረጡ» ብያለሁ። «አንድ አባታችን እንዳሉት መጀመሪያ አልቅስ፣ ከዚያ ጠይቅ» ብያለሁ። ብዙ ሰው አውራ ጣቱን ቀስሮልኛል፣ እኔም የደገፈኝን ሁሉ ሳላነብ አውራ ጣቴን እየቀሰርኩ አመሰግን ነበር።

ከኔ ጽሑፍ ቀጥሎ፣ ወዲያው ከሥሩ፣ የፀሐፊው መልእክት አለ። አጭር ናት። «ጋሼ ዘርጋው አርፈዋል። ቀብራቸው ዛሬ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነው።»

ከመልእክቷ በታች አንዲት ምልክት አለች፣ ስነካት የማን እንደሆነች አሳየችኝ። ስሜ ነው፣ ከነፎቶዬ። እንደ ሌሎቹ ሁሉ የኔን ጽሑፍ የሚያወድስ መስሎኝ አውራ ጣቴን ቀስሬባታለሁ። ጡሩምባ እነፋልዎታለሁ ብዬ ደረቴን የመታሁላቸው ሰውዬ ሞቱ ሲባል፣ እድሩ ሁሉ እያየ፣ እኔ «ጎሽ» ብያለሁ።